ባዶው ረድፍ የማን ነው?

የዓባይን ድልድይ ተሻግረን ወደ ደጀን የሚያወጣውን አቀበት ጀምረናል። ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ነው። አንድ ኩርባ ላይ ስንደርስ ሚኒባሳችን ቆመ። ከፊት አንድ ባለተሳቢ መኪና ተበላሽቶ የእኛን ረድፍ ዘግቷል። ከኋላው ሃያ የሚሆኑ መኪኖች ተሰልፈዋል። የግራው ረድፍ ክፍት ነው። ከደጀን የሚወርዱት በእሱ እየመጡ ያልፉናል። እነሱ ጋብ ሲሉ ደግሞ የእኛ ሰልፍ የተበላሸውን መኪና እየዞረ ጥቂት ጥቂት ይሄዳል። ያዘግማል እንጂ ይሄዳል።

ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ቀጠለ። ከዚያ ከኋላችን አንድ አይሱዙ ከሰልፉ ወጣ። በግራ በኩል እየታከከን ወደ ፊት ነጎደ። እሱን አይቶ ሌላው ተከተለው። ቀጥሎ አንድ አባ ዱላ። ቀጥሎ የእኛ ሹፌር "እኛስ ምናችን ሞኝ ነው?" ብሎ መሪውን ጠመዘዘ። ብዙም ሳንሄድ ከላይ የሚወርድ ሲኖትራክ ኩርባውን ዞሮ ብቅ አለ። ተፋጠጥን። ከሲኖትራኩ ኋላ ያሉትም ትዕግሥታቸው አልቆ በየራሳቸው ግራ ወጡ። መንገዱ ከሁለቱም ወገን ጥርቅም አለ። ወደ ፊት የለም፣ ወደ ኋላም የለም። በዚያ ሙቀት 3 ሰዓት ተኩል ቆምን። ከእኛ ጋር ሕፃን ያዘለች እናት ነበረች። ለሕክምና ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄዱ አንድ አዛውንትም ነበሩ። ውኃችን አለቀ።

የተበላሸው መኪና አንድ ብቻ ነበር። መንገዱን የዘጋነው ግን እኛ ነን።

ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ያ የአይሱዙ ሹፌር ያጠፋው በትክክል ምን ነበር? ባዶ ረድፍ አየ፣ ገባበት። ይህንኑ ባሕር ዳር አዲሱ ድልድይ ላይ ቢያደርገው ትክክል ነበር። እንዲያውም ማድረግ የነበረበት እሱን ነው። ዓባይ በረሃ ላይ ሲያደርገው ግን መቶ ሰው አስሮ ዋለ። ድርጊቱ አንድ ነው፣ ውጤቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ለምን?

መልሱ ባዶው ረድፍ የማን ነው በሚለው ላይ ነው።

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ያለው ዋና መንገድ፣ ከተሞቹን ትተን፣ ለመሄጃ አንድ ለመምጫ አንድ ረድፍ ነው ያለው። እዚህ መንገድ ላይ በግራህ ያለው ረድፍ ያንተ አይደለም። ከፊት የሚመጣው ሰው ነው። አንተ ለመቅደም ስትወጣ ትዋሰዋለህ። ባለቤቱ ሳይደርስ መመለስ አለብህ። ስትዋስ ደግሞ የምትመለስበት ቦታ በቀኝህ ክፍት መሆን አለበት። የአይሱዙው ሹፌር ረድፉን ሲዋስ የሚመለስበት ቦታ አልነበረውም። ሰልፉ ተጠጋግቶ ቆሟል። ስለዚህ የሰውን ረድፍ ይዞ ቀረ። ያ ረድፍ ደግሞ ለሁላችንም የቀረው ብቸኛ መውጫ ነበር።

በአንድ አቅጣጫ ሁለት ወይም ሦስት ረድፍ ያለው መንገድ ሌላ ነገር ነው። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የባሕር ዳሩ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል። በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት ሦስት ረድፍ አለው። ጎጃምን ከጎንደር በኩል የሚያገናኘው መንገድ እንዲህ ሰፍቶ ማየት ደስ ይላል። እዚህ ላይ በግራህ ያሉት ሁለት ረድፎች ካንተው ጋር ወደ አንድ ወገን ይሄዳሉ። ባዶ ከሆኑ ባዶ ናቸው። የሚጠብቃቸው ባለቤት ከፊት አይመጣም።

አሁን ከሦስቱ ረድፎች አንዱ ተዘጋ እንበል። መኪና ተበላሸበት፣ ወይም ጥገና ላይ ነው። ምን እናደርጋለን? ጨዋው ሹፌር ገና ከሩቅ እንዳየ ወደ ክፍቱ ረድፍ ይገባና ይሰለፋል። የሚዘጋው ረድፍ ባዶውን ይቀራል። ከዚያ አንድ ሰው በባዶው ረድፍ እስከ ጫፍ ሄዶ ልግባ ይላል። የተሰለፉት ይናደዳሉ። "ይሄ ብልጣ ብልጥ!" ይሉና ይዘጉበታል። እሱ አፍንጫውን ያስገባል። ክላክስ ይጮኻል። ሁለቱም ይቆማሉ።

የመንገድ ባለሙያዎች ስለዚህ ነገር የሚሉት አብዛኞቻችን ከምናስበው ተቃራኒ ነው። መንገዱ ሲጨናነቅ ሁለቱንም ረድፍ እስከ መጨረሻው ተጠቀሙ ይላሉ። ጫፉ ላይ ስትደርሱ አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ እየተባለ ይገባል። የጃኬት ዚፕ ሲዘጋ ጥርሶቹ አንድ ከግራ አንድ ከቀኝ እንደሚገጣጠሙት ማለት ነው። ጀርመን ውስጥ ይህ በትራፊክ ሕጉ የተጻፈ ግዴታ ነው። በአሜሪካ የሚኒሶታ ግዛት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ደግሞ ይህን አገባብ ሲያስተምር የሰልፉን ርዝመት እስከ 40 በመቶ ሊያሳጥር ይችላል ይላል።

ለምን ይሻላል? የወፍጮ ቤትን ነገር አስቡት። ወፍጮው በሰዓት የሚፈጨው ልኩ የታወቀ ነው። እህል የያዘው ሰው በአንድ ሰልፍ ቢቆም በሁለት፣ ወፍጮው አይፈጥንም። የጠበበ መንገድም እንዲሁ ነው። መኪኖች ተቀራርበው ሲሄዱ በመሐላቸው የ2 ሰከንድ ርቀት ቢጠብቁ፣ በአንድ ረድፍ በሰዓት የሚያልፉት 1,800 ናቸው። ከኋላ ማን ቀደመ፣ ማን ተቀደመ ይህን ቁጥር ከፍ አያደርገውም። ዝቅ የሚያደርገው ግን አለ። ግፊያ ነው። መተላለፊያው አፍ ላይ ሁለት ሰዎች ተጋፍተው 10 ሰከንድ ቢቆሙ አምስት መኪና ሊያልፍበት የሚችል ጊዜ ባከነ። ተመልሶ አይገኝም።

ሁለቱ ረድፍ እኩል ሲሞላ ሌላም ጥቅም አለ። በሁለቱም ረድፍ ያሉት በአንድ ፍጥነት ይሄዳሉ። በቆመ ሰልፍ ጎን በ60 የሚነጉድ መኪና አይኖርም። የሚገቡበት ቦታም አንድ ይሆናል። ሁሉም የት እንደሚገባ፣ የት እንደሚያስገባ ያውቃል። ተራ መሆኑ ስለሚታይ ንዴቱም ይበርዳል።

ይህ ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ወንፈል የምናውቅ ሰዎች ነን። ዛሬ ያንተን ማሳ እናርማለን፣ ነገ የእኔን። ማንም ተራውን የሚሰጠው ሌላው እንደሚመልስለት ስለሚያውቅ ነው። መንገድ ላይ ግን የሚመልስልን ሰው ማን እንደሆነ አናውቀውም። ፊቱን በቅጡ ሳናየው ይሄዳል። ለዚህ ይመስለኛል ደጃፋችን ላይ የምናሳየውን ጨዋነት መሪ ስንይዝ የምናጣው። አንድ ነገር ልብ በሉ። ረዳቱ በመስኮት እጁን ዘርግቶ "ወንድሜ፣ ባክህ አንዴ!" ሲል ብዙ ሹፌር ያስገባዋል። ያው ሹፌር ፍሬቻ ብቻ ላበራው መኪና ግን ይዘጋበታል። ልዩነቱ ሰው ማየቱ ነው።

የፍሬቻው ነገር ያሳስበኛል። ፍሬቻ ማብራት "ልገባ ነው፣ ተዘጋጅ" ማለት ነው። ብዙዎቻችን ግን የጎረቤት ፍሬቻ ስናይ ነዳጅ እንረግጣለን። ቀዳዳውን እንዘጋለን። እንዲህ ሲሆን ሹፌሩ ምን ይማራል? ፍሬቻ ማብራት እንደማይጠቅም ይማራል። ስለዚህ ሳያበራ ይገባል። ከኋላው ያለው ደግሞ ባልጠበቀው ሰዓት ፍሬን ይይዛል። እኔ መንጃ ፈቃድ ሳወጣ በእንጨት መሐል ወደ ኋላ መሄድ ተምሬያለሁ፣ አቀበት ላይ ተነሥቻለሁ። ረድፍ መቀየር ግን በተግባር ያሳየኝ አልነበረም። ስፖኪዮ ማየት እንደማይበቃ የተማርኩት በኋላ፣ አንድ ብስክሌት ልገጭ ለጥቂት ስተርፍ ነው። ስፖኪዮ የማያሳየው ቦታ አለ። አንገትን ዞር አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። ባሕር ዳርን በመሰለ የብስክሌትና የባጃጅ ከተማ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

አንድ ሰው በግድ ሲገባ የሚጎዳው ከኋላው ያለው ሹፌር ብቻ አይደለም። ጃፓን ውስጥ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት አንድ ሙከራ አለ። 22 መኪኖችን 230 ሜትር በሆነ ክብ መንገድ ላይ አሰለፉ። ሁሉም እኩል እንዲሄዱ ተነገራቸው። የሚያደናቅፍ ነገር አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ ግን አንዱ ትንሽ ሲዘገይ የኋላው ትንሽ ፍሬን ያዘ፣ የሱ ኋላ ደግሞ ጠበቅ አድርጎ ያዘ። እንዲህ እያለ የሚቆሙ መኪኖች ተፈጠሩ። መቆሙ እንደ ማዕበል ወደ ኋላ ይሄድ ጀመር። እዚያ መንገድ ላይ በግድ የገባ ሰው አልነበረም። ሰው በግድ የሚገባበት የእኛ መንገድ ምን እንደሚሆን አስቡት። በግድ ገብቶ የሄደው ሰው ከኋላው የቆመውን ሰልፍ አያየውም። ስለዚህ ያጠፋ አይመስለውም።

"የጎኔ ረድፍ ይፈጥናል" የሚለው ስሜትም ያታልላል። ዶናልድ ሬደልማየር እና ሮበርት ቲብሺራኒ እ.ኤ.አ. በ1999 ኔቸር መጽሔት ላይ ይህን አሳይተዋል። ሁለት ረድፎች በአማካይ እኩል ቢሄዱ እንኳ ሹፌሩ የጎኑ የሚፈጥን ይመስለዋል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የአንተ ረድፍ ሲፈጥን ተጠጋግተው የቆሙትን መኪኖች በአንድ ጊዜ ታልፋቸዋለህ። የነሱ ተራ ሲሆን ግን ተራርቀው እየሄዱ ነው የሚያልፉህ። ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ሲቀድሙህ የምታጠፋው ጊዜ አንተ ስትቀድም ከምታጠፋው ይረዝማል። በዚያ ላይ የቀደምካቸውን ትረሳቸዋለህ፣ የቀደሙህ ግን ዓይንህ ሥር ናቸው። ደጋግመን ረድፍ የምንለዋውጠው ብዙ ጊዜ በዚህ ስሜት ነው።

ወደ ገጠሩ መንገድ ልመለስ። የሰው ሕይወት የሚያልፈው እዚያ ነው።

ከደብረ ማርቆስ ወጥተህ አማኑኤልን፣ ደምበጫን፣ ጂጋን እያለፍክ ነው። ከፊትህ በ60 የሚሄድ ባለተሳቢ አለ። አንተ በ80 ልትቀድመው ነው። እስቲ እናስላው። ከኋላው 20 ሜትር ርቀህ ጀመርክ። እሱ 18 ሜትር ይረዝማል። ካለፍከው በኋላ 20 ሜትር ርቀህ ልትመለስ ነው። ያንተ መኪና 5 ሜትር ነው። በድምሩ 63 ሜትር መብለጥ አለብህ። የፍጥነታችሁ ልዩነት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 5 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ ከ11 ሰከንድ በላይ በሰው ረድፍ ትቆያለህ። በዚህ ጊዜ 250 ሜትር ትሄዳለህ። ከፊት የሚመጣውም በ80 ከሆነ እሱም 250 ሜትር ይመጣል። ስትወጣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ጥርት ብሎ ካልታየህ ሂሳቡ አይሞላም።

ሁለት ተሳቢ ተከታትለው ከሆነስ? 18 ሰከንድ ይፈጃል። የሚያስፈልግህ ክፍት መንገድ 800 ሜትር ይሆናል። ይህም የምትወጣው በ80 ላይ እያለህ ከሆነ ነው። ከኋላው በ60 ስትከተል ቆይተህ ገና ነዳጅ የምትረግጥ ከሆነ ይበልጣል። ጭነህ ከሆነ ደግሞ የባሰ ይበልጣል።

ትርፉንም እናስላው። ለ10 ኪሎ ሜትር ያህል ከዚያ ተሳቢ ኋላ ብትቆይ 10 ደቂቃ ይፈጅብሃል። በ80 ብትሄድ 7 ደቂቃ ተኩል። ትርፉ 2 ደቂቃ ተኩል ነው። ፍኖተ ሰላም አንድ ቡና ከጀበና ቀድቶ ለመጠጣት እንኳ አይበቃም።

ሹፌሮች ርስ በርስ የሚነጋገሩበት ቋንቋ አለ። የፊተኛው ከባድ መኪና የቀኝ ፍሬቻ ሲያበራ "እለፍ" ማለቱ ነው፣ የግራውን ሲያበራ "ቆይ" ነው። ደግ ልማድ ነው። እኔም ብዙ ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ። ነገር ግን የቀኝ ፍሬቻ "ልቆም ነው" ማለትም ነው። የግራው ደግሞ "ራሴ ልቀድም ነው" ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የግራው ሲበራ ትርጉሙ የትኛውም ይሁን አትውጣ። የቀኙ ሲበራ ግን በራስህ ዓይን እስክታይ አትመን። እሱ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ የሚያየው ይበዛል፣ ያንተ መኪና ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ግን አያውቅም።

ሌላው ብዙ የማይባልለት የተቀዳሚው ድርሻ ነው። ሲቀድሙት ነዳጅ የሚረግጥ ሹፌር አለ። ይህ ነፍስ ማጥፋት ነው፣ ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም። 11 ሰከንዱን 20 ያደርገዋል። ሲቀድሙህ እግርህን ከነዳጅ አንሳ። ቀኝህን ያዝ። የሚመለስበትን ቦታ ስጠው። ቢሳሳት እንኳ ስጠው። ስህተቱን የሚከፍለው ፊት ለፊት የሚጋጨው ሌላ ሰው ነውና። ከቡሬ እስከ እንጅባራ ባለው ደጋ ጭጋግ ሲወርድ፣ ቅዳሜ ቀን ደግሞ አዲስ ቅዳም አካባቢ ገበያተኛው ከነአህያው መንገዱን ሲሞላው፣ ከአስፋልት ወርዶ ማምለጫ የለም። የመንገዱ ትከሻ የእግረኛና የጋሪ ነው።

ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ምክንያት ይህ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ቆይቷል። ሲከፈት ሁሉም ባንድ ጊዜ ይወጣል። ሃያ ሠላሳ መኪና ይከታተላል። ሁሉም ሳይመሽ ለመግባት ይቸኩላል። ፍርሃቱን ማንም አይወቅስም። እንዲህ ባለ ሰልፍ ውስጥ ግን አንዱን መቅደም ምንም አያስገኝም። ከፊቱ ሃያ አሉ። ከሁሉ የሚጠቅመው በመካከል ርቀት መተው ነው። ርቀት ካለ ቀድሞ የወጣ ሰው የሚመለስበት ያገኛል።

አሁን ወደዚያ ኩርባ ልመለስ። እንዴት ወጣን?

የወጣነው በአንድ አሮጌ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ጋሼ ይሏቸው ነበር ረዳቶቹ፣ ስማቸውን አልጠየቅሁም። መጀመሪያ ከእኛ በኩል የመጨረሻዎቹን መኪኖች አስጀምረው ወደ ኋላ አስመለሱ። መሐል ያለው ስለማይንቀሳቀስ መፍታት የሚቻለው ከጅራቱ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። የግራው ረድፍ ሲጸዳ፣ "በተራ ነው፣ ግን አንድ አንድ አይደለም፣ አሥር አሥር ነው" አሉ።

ያኔ አልገባኝም ነበር። ቆይቼ ሳሰላው ግን ልክ ነበሩ። ጠባቡ ክፍል 300 ሜትር ቢሆንና መኪና በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ለማለፍ ወደ 54 ሰከንድ ይፈጅበታል። ከዚህ አንድ ከዚያ አንድ ብንል፣ እያንዳንዱ መኪና የፊተኛው ጨርሶ እስኪወጣ መጠበቅ አለበት። በሰዓት ወደ 66 መኪና ብቻ ያልፋል። አሥር አሥር ሲሆን ግን የመጀመሪያው 54 ሰከንድ ይወስዳል፣ የተቀሩት ዘጠኙ በየ4 ሰከንዱ ይከተሉታል። አሥሩ በ90 ሰከንድ አለቁ። በሰዓት 400 መኪና ማለት ነው። እንግዲህ ወደ አንድ አቅጣጫ ስንሄድ የሚያዋጣው አንድ ለአንድ መግባት ነው። ፊት ለፊት ለምንመጣ ሰዎች የሚያዋጣው በቡድን መተላለፍ ነው። ሁለቱን ማምታታት ብዙ ሰዓት ያስከፍላል።

ኩርባ ስለሆነ የላዩ ሰልፍ ከታች አይታይም። ስልክም በደንብ አይሠራም ነበር። ጋሼ ከመንገድ ዳር አንዲት ለምለም ቅርንጫፍ ሰበሩ። ለአሥረኛው መኪና ሰጡት። "ላይ ስትደርስ እዚያ ለቆመው ረዳቴ ስጠው፣ እሱ ያኔ ይልቀቅ" አሉት። ቅርንጫፉ እላይ ሰልፉ ዘንድ ሳይደርስ ማንም አይወርድም። ከላይ የሚወርደው አሥረኛ መኪና ደግሞ ቅርንጫፉን መልሶ ያመጣል። በዚህች ቅርንጫፍ ሁሉም ሰው ተራው መቼ እንደሆነ አወቀ። ክላክሱ ጸጥ አለ።

የዓባይ በረሃ አፈር የሚንሸራተት ነው። የጃፓን ባለሙያዎች ሳይቀሩ መጥተው ያጠኑት ነው። እዚያ መንገድ አንድ ረድፍ መዘጋቱ ነገም ከነገ ወዲያም ይኖራል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ሁሉ አቀበት በ15 የሚያዘግሙ ከባድ መኪኖች አሉ። ቦታው በሚፈቅድበት ሁሉ ለእነሱ ተጨማሪ የአቀበት ረድፍ ቢወጣላቸው የሰውን ረድፍ መዋስ ይቀንሳል። ይህ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ጊዜም ይፈልጋል። ባሕር ዳር ላይ ግን ረድፍ ሲዘጋ "እስከ ጫፍ ይሂዱ፣ አንድ ለአንድ ይግቡ" የሚል ሰሌዳ ማቆም ብዙ አይጠይቅም። በማሠልጠኛዎችም ረድፍ መቀየርና ማስገባት ራሱን የቻለ የመንገድ ላይ ልምምድ ቢሆን እወዳለሁ።

እኛ ስድስተኛው ዙር ላይ ደረሰን። ሚኒባሳችን አሥረኛ ስለነበር ቅርንጫፉን የያዘው የእኛ ሹፌር ነው። ላይ ስንደርስ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ለረዳቱ ሰጠው፣ ከላይ የቆመው የሲኖትራክ ሹፌርም ሞተሩን አስነሣ።